ኦርላንዶ ዊስፐሪንግ ካንየን ካፌ፦ አማቴ በፍልሰታ ምን ይበላሉ?

የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም እንዴት ናችሁ? ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ልጆቹን ዲዝኒ ልንወስድ ነው። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ4፣ የ8 እና የ11 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ። ትልቁ ልጄ ዩቲዩብ ላይ አይቶ ዊልደርነስ ሎጅ በሚባለው የዲዝኒ ሆቴል ውስጥ ያለው ዊስፐሪንግ ካንየን ካፌ ካልሄድን ብሎ ነፍሴን አውጥቷታል። ሥጋው፣ ድንቹና በቆሎው በብረት መጥበሻ ተከምሮ የሚመጣበት፣ አስተናጋጆቹም ከሰው ጋር የሚቀልዱበት ቤት ነው አሉ።

የእኛ ሳምንት ግን ፍልሰታ ላይ ዋለ። አማቴ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ከዚያም በኋላ የጾም ብቻ ነው። አሳማ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ማንም አይበላም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቀልዱ ነው። እሳቸው ቀልድ ይወዳሉ፣ ግን በማያውቁት ቋንቋ አንድ ወጣት ፊታቸው ቆሞ ቢያላግጥ ቅር እንዳይላቸው። የሄዳችሁ ካላችሁ ምከሩኝ። ወይስ እሳቸውን ከባለቤቴ ጋር ቤት ትተን እንሂድ? (ይሄን ስጽፍ ራሴም አፈርኩ።)

አትላንታ ነኝ

ኧረ እህቴ፣ እንዴት ትተሻቸው ትሄጃለሽ! እንዲያውም ከዲዝኒ ሁሉ ለእሳቸው የሚሆነው እዚያ ነው። እኔ እናቴን ፓርኩ ውስጥ ሙሉ ቀን አዙሬ እግራቸው አብጦ አይቻለሁ። ሎጁ ግን ሌላ ዓለም ነው። በ1994 የተከፈተ ሆቴል ነው፤ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን አሮጌውን የእንጨት ሆቴል አስመስለው ነው የሠሩት። ግንዱ እንዳለ ቆሞ ታዪዋለሽ፤ መሀል ላይ ደግሞ ቁመቱ 25 ሜትር ገደማ የሆነ የድንጋይ ምድጃ አለ፣ ፊት ለፊቱ የሚወዛወዝ ወንበር። እማማን እዚያ ካስቀመጥሻቸው አይነሱም።

ሬስቶራንቱ ሆቴሉ ውስጥ ስለሆነ የፓርክ ትኬት አያስፈልግም። ማጂክ ኪንግደም (አንዱ የዲዝኒ ፓርክ) የምትውሉ ከሆነ ከበሩ ላይ በጀልባ ትሄዳላችሁ፣ ጀልባው በነፃ ነው። ነጠላ ወይም ጋቢ ያዥላቸው። ፍሎሪዳ በነሐሴ ውጭው እሳት ነው፣ ውስጡ ግን በኤሲ በረዶ ነው።

ወጥ ቤት የምሠራ (ቨርጂኒያ)

ስለ ምግቡ እኔ ልንገርሽ፣ ሥራዬ ነው።

አንደኛ፣ እባክሽ «ሺ ኢዝ ፋስቲንግ» አትበያቸው። ለነሱ ጾም ማለት ምንም አለመቅመስ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ አክስቴን እንዲህ ብዬ አስተዋውቄ አስተናጋጁ ሰሐናቸውን አንስቶ ሄደ፤ ያከበራቸው መስሎት ነው። «ፕላንት ቤዝድ» በይ። ዲዝኒ ከ2019 ጀምሮ ሜኑው ላይ እንደዚህ ያሉትን ምግቦች በቅጠል ምልክት ያሳያል፤ ትርጉሙም ሥጋ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ እንቁላል፣ ማር የሌለበት ነው። ከማሩ በስተቀር የኛው ጾም ማለት ነው። ማሩን ለእኛ ቢተዉልን ምን ነበረበት!

እኛ በሄድንበት ጊዜ ለሥጋው መጥበሻ አቻ የሚሆን ከአትክልት ብቻ የተሠራ መጥበሻ ነበር፤ ሥጋ የሚመስል የጾም ቋሊማም አለበት። ሜኑው ስለሚቀያየር የዲዝኒ አፕ ላይ ቀድመሽ እዪው። ከተሳካ እንደ ሥጋው ሁሉ ሲያልቅ ይጨምሩላችኋል።

የምትጠነቀቂው ከዋናው ምግብ ይልቅ አጃቢውን ነው። የበቆሎ ዳቦው ቅቤና እንቁላል አለበት። የተፈጨው ድንች ወተትና ቅቤ ነው። ባቄላው በአሜሪካ አሠራር ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፣ ቀለሙን አይተሽ አትለዪውም፣ ስለዚህ ለልጆቹም ጠይቂ። ሪብስ የሚባለው የአሳማ ጎድን ነው፤ ቋሊማውንም ሳትጠይቂ አታንሺ። ዶሮውና የበሬው ብሪስኬት (የደረት ሥጋ) ለእናንተ ይበቃሉ። ቀጠሮ ስትይዢ የምግብ ገደብ የሚሞላበት ቦታ አለ፣ እዚያ ጻፊው፤ ስትደርሱም ለአስተናጋጁ ድገሚለት። ካልገባው ሼፉ ወጥቶ እንዲያናግርሽ ብትጠይቂ ማንም አይቆጣሽም።

ገብረ እግዚአብሔር 77

ሥጋ የሚመስል ነገር ለእማማ በፍልሰታ ባታቀርቢላቸው ይሻላል ባይ ነኝ። የተፈቀደ ነው፣ አልካድኩም። ግን ዓይን ራሱ ይጾማል።

ወጥ ቤት የምሠራ (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ከአተር የተሠራ ቋሊማ ነው። ሽሮውስ ከምን ተሠራ? ለማንኛውም ምርጫውን ለእሳቸው እንተው።

ናቲ ኦርላንዶ

እኔ እዚሁ ነዋሪ ነኝ። የቀልዱን ነገር ልንገርሽ። ታዋቂው የኬችፑ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ ኬችፕ አይቀመጥም። አንድ ሰው «ኬችፕ» ካለ አስተናጋጁ ጮክ ብሎ ያስተጋባል፣ ከዚያ ከየጠረጴዛው ያለው ጠርሙስ ሁሉ ተሰብስቦ እናንተ ፊት ይደረደራል። ቀጥሎ ሌላው ቤተሰብ ሲጠይቅ ደግሞ ተሸክማችሁ ታቀብላላችሁ። ክፋት የለውም፣ ግን ጫጫታ አለው። እንደየአስተናጋጁም ይለያያል።

በር ላይ ስትገቡ ለብቻው ጠጋ ብለሽ «እናታችን እንግዳ ናቸው፣ ከልጆቹ ጋር ቀልድ፣ እሳቸውን ግን በወግ አስተናግድልን» በዪው። ይሰማሉ፣ ሥራቸው ነው። ለእማማም አስቀድመሽ «እዚህ ቤት እየጮሁ ነው የሚያስተናግዱት» ብለሽ ንገሪያቸው። ሳያውቁት ነው የሚያስደነግጠው።

እዚሁ አጠገብ ኪሲሚ ከተማ ቤት ከተከራያችሁ እንጀራና የጾም ወጥ ይዛችሁ ኑ። ካለቀባችሁ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ የሀበሻ ምግብ ቤት አለ። ፓርክም ቢሆን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ የብርጭቆ ዕቃ ብቻ አይሁን። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ 9 ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

የዳላሷ

ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሳም። የ11 ዓመቱ ልጅሽ እንደ አዋቂ ነው የሚከፍለው፣ የልጅ ዋጋ ከ3 እስከ 9 ዓመት ብቻ ነው። ልጁ ሁለት ክንፍ ዶሮ በልቶ ቢነሳም ያው ነው፤ እኔን እስካሁን ይቆጨኛል። መጥበሻው ግን ግዴታ አይደለም፣ ለየብቻ የሚታዘዝም አለ።

ስድስት ሰው ከሆናችሁ 18 በመቶ ጉርሻ ሒሳቡ ላይ ራሱ ይገባል። ሳታዪ ደግመሽ እንዳትሰጪ።

ቀጠሮ ከ60 ቀን በፊት ይከፈታል። በጠዋት ተነሽና ያዢ፣ የእራት ሰዓት ቶሎ ያልቃል። ቀርታችሁ በጊዜው ካልሰረዛችሁ በነፍስ ወከፍ 10 ዶላር ይቆርጣሉ። አንድ ነገር ደግሞ፦ እማማ «9 ሰዓት» ሲሉ አፑ ላይ 3፡00 ነው። ባለቤቴ 9፡00 ብሎ ይዞልን ሕፃናቱ ጠረጴዛ ላይ ተኙ።

የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ተመልሰናል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዳላችሁት ነው የሆነው። ለእራት በአሜሪካ ሰዓት 5፡30 ላይ ያዝን፣ የምግቡን ነገር ቀጠሮው ላይ ጻፍኩ፣ በር ላይ ደግሞ ለአስተናጋጇ ነገርኳት። ሼፉ ራሱ ወጥቶ ለአማቴ የሚሆነውንና የማይሆነውን አንድ በአንድ ነገረን።

ቋሊማውን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ለትንሿ አሻገሩላት። «ጾሜን ነው ወይ የሚፈትነው» አሉ። ወንድማችን ገብረ እግዚአብሔር ልክ ነበሩ። አትክልቱን ግን በሉ፣ ሁለተኛ ሲጨመርም ዝም አላሉም።

ኬችፑን ትልቁ ልጄ አልቻለም፣ ጠየቀ። አስተናጋጇ ጮኸች፣ ከየአቅጣጫው ጠርሙስ ይጎርፍ ጀመር። እኔ የአማቴን ፊት ነበር የማየው። ሠልፉን ቆጠሩና «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አሉ። ተርጉሜ ስነግራት ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ስትቀዳ እንኳ መጀመሪያ ለእሳቸው ነው።

ከእራት በኋላ ምድጃው ጋ ሦስት ሩብ ሰዓት ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። ርችቱን ለማየት እንኳን አልተነሱም።

ሊሄድ ያሰበ

በመኪና ብንመጣ የት እናቆማለን?

የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

እዚያው ሎጁ። በር ላይ ጥበቃው ይጠይቃችኋል፤ የምግብ ቤት ቀጠሮ አለን በሉ፣ ቀጠሮው የተያዘበትን ስምና መታወቂያ አሳዩ። እኛ አልከፈልንም። ከሰዓታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ከማቆሚያው እስከ ሬስቶራንቱ ትንሽ ያስኬዳል፣ ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ ሎቢው በር ላይ ማውረድ ይሻላል።