ልጄን ለፋሲካ ወስዶ አልመለሳትም፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ስምንት ወር ሆነን፣ በሕግ ግን አልተፋታንም። የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ለፋሲካ አያቷ ጋ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ብሎ ወሰዳት፣ በዚያው ቀረች። ስደውል «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ታመመችብን» ይለኛል። መንዝ ሞቃት ነው እንዴ! ሹራቧ እስካሁን በሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ሽማግሌ ሁለቴ ልኬ ነበር፣ እነሱም ቡናቸውን ጠጥተው «ታገሺ» ብለው ተመለሱ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የሕፃኑ ጥቅም ይቅደም እንደሚል አውቃለሁ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጬ ነው የማድረው፣ እሱ ደመወዝተኛ ነው፣ ዳኛው ገቢ አይቶ ለእሱ ይሰጥብኝ ይሆን? ፍቺውን ሳልጠይቅ ለልጅቷ ብቻ መክሰስ ይቻላል? የምከሰውስ እዚህ ነው ወይስ እሱ ያለበት ወረዳ ፍርድ ቤት? ቀለቡን አብሬ ልጠይቅ?

ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለታችንም ፎቶ አለበት፣ ደብተሩ ግን እሱ እጅ ነው። የመሬቱ ነገር ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ልጄን። ያለፈበት ሰው ካለ ከየት እንደጀመረ ይንገረኝ፣ ጠበቃ የምቀጥርበት ብር የለኝም።