«ተኝተው ባይነቁ ብለው ተመኝተው ያውቃሉ?» ይቺን ጥያቄ ወሎ ላይ እንዴት ልጠይቃት?

ነርሱ ከቃሉ፦
ሰላም ቤቶች። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ኮምቦልቻ አካባቢ ገጠር ነው የምሠራው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲውን (የአሜሪካውን) ራስን የማጥፋት ስጋት መለያ፣ ባለ 6 ጥያቄውን አጭር ቅጽ፣ እኛ ጋ በሚነገረው አማርኛ ለማስተካከል እየታገልኩ ነው። ሰው የተረጎመው ኮፒ አለኝ። አማርኛው ስህተት የለበትም። ሰው ጆሮ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ሰባን የዘለሉ እናት ለጉልበታቸው መጡ። አንደኛዋን ጥያቄ አነበብኩላቸው፤ ርእሱ ላይ ያለችውን። ፊታቸው በራ! «እሱማ የዘወትር ዱዓዬ ነው ልጄ። አላህ ኻቲማዬን ያሳምርልኝ፣ ሰው ሳላስቸግር በእንቅልፌ ይውሰደኝ።» ቅጹ ላይ ይሄ «አዎ» ነው። ሴትዮዋ እኮ ከዚያ በኋላ ሲያወሩኝ የቆዩት ስለ ሽንኩርታቸው የውሃ ተራ ነው።

ሌላዋ ደግሞ የሁለት ልጆች እናት፣ 25 ዓመቷ። ቅጹ በአንቱታ ስለተጻፈ እንዳለ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» አልኳት፣ እንደ ሞኝ። «አስተግፊሩላህ!» ብላ ሻሿን ሳበች። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ሁሉም «የለም» ሆነ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና ቀስ ብላ «ልጆቹን እንደሁ ለእህቴ አደራ ብያለሁ» አለችኝ።

ክው አልኩ። አማቷን ውጭ አስቀምጬ፣ «አንቺ» ብዬ፣ እንደ አዲስ አወራን። ያን ቀን ብቻዋን አልሸኘናትም። አሁን ክትትል ላይ ናት፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። በቅጹ ብቻ ብሄድ ግን አምልጣኝ ነበር። አለቃዬ ደግሞ «እንዲህ በግልጽ መጠየቅ ማስታወስ ነው» ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው ሐኪም፦
አብሽር የኔ ልጅ። እኔ የተማርኩት ሌኒንግራድ ነው፤ ሩሲያኛውም ይሄው ጣጣ አለበት። «አሰብኩ» ለማለት ወንዱ «ዱማል»፣ ሴቷ «ዱማላ» ነው የሚሉት። ሰው ራሱ የሚሞላው ቅጽ ላይ የወንዱን ብቻ ከጻፍክ ሴቷን ረሳሃት ማለት ነው። ጠያቂው በ«ቪ»፣ ማለትም በአንቱታ፣ ሲጠይቅ ጾታው ይጠፋል። እንደኛው።

ሌላ ልንገርህ። የከፋው ሩሲያዊ «ዢት ኒ ኾቼትሳ» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «እኔ» የሚባል ፈላጊ የለም። እኛም «መኖር አላሰኝ አለኝ» እንላለን፣ «አስጠላኝ» እንላለን። ተመኘሁ ካልክ ግን ኃጢአቱ ያንተ ነው። ማን ያምናል? ስለዚህ «መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል?» ብለህ ግባ። ከዚያ በኋላ ግን ቀጥተኛዋን ጥያቄ አትሽሻት።

ቦርከና፦
ለአለቃህ፦ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ጠይቁ ነው የሚለው። ብዙ ሰው እንዲያውም ጠያቂ በማግኘቱ ይቀለዋል።

ስለ ትርጉሙ፦ ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉመው። ከዚያ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ይሄ ግን ቃል ያጣራል እንጂ የእኒያን እናት ኻቲማ አያሳይህም። እሱን የምታገኘው ቁጭ ብለህ «ይቺ ጥያቄ ምን የምትል መሰለዎት?» ስትል ነው፤ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም፣ ከገጠሩም ከከተማውም። «ባለፈው ወር» የሚለውንም እሰርላቸው፦ ከአረፋ ወዲህ፣ ከፍልሰታ ወዲህ።

ደግሞ ሁለተኛዋ ጥያቄ (ራስን ስለማጥፋት ማሰብ) ላይ «የለም» ስትልህ ወደ 6ኛዋ ነው የምትዘለው። 6ኛዋ ሕይወትን ለማጥፋት የተደረገ ዝግጅት ነው የምትጠይቀው። ምሳሌዎቿን በደንብ አንብባቸው እስቲ።

ነርሱ ከቃሉ፦
አነበብኳቸው። «ውድ ንብረት ማደል፣ ኑዛዜ መጻፍ» ይላል። እኛ ጋ ያቺ ልጅ ምን ኑዛዜ ትጽፋለች! የሷ ኑዛዜ አደራው ነው። «ልጅ ወይም ከብት ለሰው አደራ ማለት» ብዬ በእርሳስ ጨምሬበታለሁ፤ የቅጹ ባለቤቶች ይስማሙ እንደሆነ እጽፍላቸዋለሁ። ጡረተኛው አባቴ፣ «አስጠልቶዎት ያውቃል»ን ትናንት ሞከርኩት። ሰውየው ዝም አለ፣ ከዚያ ወንበሩን ወደኔ ሳበው።

ሰኞ እኒያን እናት አንደኛዋን ጥያቄ መልሼ አነብላቸዋለሁ። ሽንኩርቱ ውሃ ደርሶት እንደሆነም እሰማለሁ።