የተማሪዎች ካውንስል ሰርቷል አልሰራም የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

መዝገብ ያዥ፦

ሰላም ጓዶች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። የኛ ካውንስል የስራ ዘመኑን ሊጨርስ ስለሆነ አመታዊ ሪፖርቱን ለጠቅላላ ጉባኤ ያቀርባል፣ እኔ ያለሁበት የክትትል ኮሚቴ ደግሞ ሪፖርቱን ቀድሞ አይቶ አፈፃፀሙ ላይ አስተያየት መስጠት አለበት። ረቂቁ ደርሶን አነበብኩት፣ ይሄን ያህል ስብሰባ ተካሄደ፣ ይሄን ያህል ስልጠና ተሰጠ፣ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ውይይት ተደረገ እያለ ይቀጥልና መጨረሻ ላይ የእቅዳችንን 94 በመቶ አሳክተናል ይላል። 94ቱ ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ እቅዱ ላይ ከተዘረዘሩት ተግባራት "ተከናውኗል" የተባሉት ተቆጥረው ለጠቅላላው ተካፍለው ነው። በዚህ ሂሳብ የእንኳን ደህና መጣችሁ ባነር ማሰራትና ግሬዱ የጠፋበትን ተማሪ ጉዳይ ከሬጅስትራር ጋር ተከራክሮ ማስጨረስ እኩል አንድ አንድ ነጥብ ናቸው ማለት ነው።

ልጆቹን መበደል አልፈልግም፣ ደሞዝ የላቸውም፣ ክላስና ፈተና እያለባቸው ነው የሚሯሯጡት። ግን ይሄን 94 ፈርሜ ማሳለፍም ከበደኝ። እናንተ ጋ በምንድነው የምትለኩት? ሶስት አራት የማያወዛግብ መለኪያ ካላችሁ ወዲህ በሉኝ።

ቁጥር አይዋሽም ያለው ማነው፦

መጀመሪያ ስራና ውጤትን ለያይ። ስብሰባ ስራ ነው፣ ስልጠናም ስራ ነው። ውጤት የሚባለው ተማሪው ጋ የተቀየረው ነገር ነው፣ ላይብረሪው የሚዘጋበት ሰአት ተራዘመ ወይስ እዛው ነው፣ የድጋሚ ፈተና ማመልከቻ መልስ የሚያገኝበት ጊዜ አጠረ ወይስ አላጠረም። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም ይፃፉ ግን አንድ ላይ ተደምረው ፐርሰንት አይውጣባቸው።

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የቅሬታ መዝገብ ነው የምመርጠው። ኤክሴል ይበቃል፣ ቅሬታው የመጣበት ቀን፣ አይነቱ፣ የትኛው ቢሮ እንደተላከ፣ ለተማሪው የመጀመሪያ መልስ የተሰጠበት ቀን፣ የተዘጋበት ቀን፣ እንዴት እንደተዘጋ፣ በቃ። የተማሪው ስም እዛው ሺት ላይ አይኑር፣ ኮድ ስጡትና ስሙ ለብቻው ይቀመጥ፣ የትንኮሳና የጤና ጉዳይ ሁሉ አለበት ማንም የሚከፍተው ፋይል ላይ መዋል የለበትም። ከዛ ስንት ቀን ይፈጃል የሚለውን ስታወጣ አማካይ ሳይሆን ሚዲያኑን ተጠቀም፣ ማለትም ቀኖቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚገኘውን፣ አንድ አመት ሙሉ የተንጠለጠለ ጉዳይ አማካዩን ብቻውን ጎትቶ ይወስደዋል።

ወጥመዱ ደግሞ እዚህ ጋ ነው። 50 ቅሬታ መጣ እንበል፣ 40ዎቹ የመታወቂያና የዶርም ቁልፍ አይነት ቀላል ናቸው በሳምንት ውስጥ አለቁ፣ 10ሩ የግሬድና የዲሲፕሊን ጉዳይ ሆነው ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ክፍት ናቸው። የተዘጉትን ብቻ ይዘህ "በአራት ቀን እንፈታለን" ካልክ እነዚያ 10 ተማሪዎች ሪፖርቱ ውስጥ ጭራሽ የሉም፣ ካውንስል በጣም የሚያስፈልጋቸው ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ያልተዘጉት ስንት እንደሆኑና ስንት ጊዜ እንደቆዩ ለብቻው ይፃፍ። ደግሞ ተዘጋ የሚባለው ካውንስሉ ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ስለፃፈ አይደለም፣ ቅሬታ አቅራቢው አልቆልኛል ወይም ባይሳካም ምክንያቱ ተነግሮኛል ሲል ነው።

የድሮ ተጠሪ፦

መዝገቡ ልክ ነው ግን ካውንስል እኮ አይወስንም ጎበዝ። የሚወስነው ሴኔቱ ነው፣ ዲኑ ነው፣ በጀት የያዘው ሰውዬ ነው። ውጤት ብቻ ከለካችሁ ምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ፣ የሚቀጥለው ካውንስል ሊፈቀድለት የማይችል ነገር መጠየቅ ያቆማል። ወንበር ይጨመርልን፣ ኔት ይስተካከልልን ብሎ 10 ከ10 ያገኛል፣ የዲሲፕሊን መመሪያው ተከሳሹ የመደመጥ መብት ይኑረው ብሎ ሁለት አመት የታገለው ደግሞ ዜሮ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትልቅ ጉዳይ ምን ጠየቅን፣ አስተዳደሩ ምን መለሰ፣ ምን ተቀየረ የሚሉ ሶስት ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ የካውንስሉ ሃላፊነት ነው፣ ጥያቄው በፅሁፍ ነው የቀረበው? መረጃ ተያይዞበታል? አጀንዳው ከመዘጋቱ በፊት ደርሷል? ተወካዩ ስብሰባው ላይ ተገኝቷል ወይስ ወንበሩ ባዶ ነበር? ይሄ ሁሉ ቃለጉባኤ ላይ ስላለ የማንንም አስተያየት መጠየቅ አያስፈልግም። ሁለተኛው የአስተዳደሩን ባህሪ ነው የሚያሳየው፣ መልስ ሳይሰጥበት የቀረ ጥያቄ ብዛት ራሱ ለጉባኤው ዜና ነው። ሶስተኛው ላይ ነው ውጤቱ።

ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ውይይት ተደረገ ለሚለው አረፍተ ነገር ደግሞ የሼሪ አርንስታይንን መሰላል ተጠቀሙ። በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ከተማ ነዋሪዎች ተሳትፎ የፃፈችው ነው፣ ስምንት ደረጃ አለው፣ ታች ሰውን ለማስመሰል ብቻ መጥራት ነው፣ መሀል ላይ ማሳወቅና ማማከር አለ፣ ከፍ ሲል አጋር መሆን፣ የመጨረሻው ራሱ መወሰን። አብዛኛው "ውይይት" ተብሎ ሪፖርት የሚደረገው ያለቀ ውሳኔ ማሳወቅ ነው። ከእያንዳንዱ ውይይት ጎን ደረጃውን ፃፉበት፣ ያኔ ታያላችሁ ስንቱ ታች እንደሚሰለፍ።

ተጠራጣሪው፦

ከድሮ ተጠሪ ጋር ነኝ፣ እንደውም ልጨምርበት። ጉድሃርት የሚባል እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ያነሳው ሃሳብ አለ፣ በኋላ ሌሎች አሳጥረው መለኪያ ኢላማ ሲደረግ ጥሩ መለኪያ መሆኑ ይቀራል አሉት። ቅሬታ መቀነስ አለበት ብላችሁ ኢላማ ካስቀመጣችሁ ቅሬታ መቀበያውን ቢሮ ግማሽ ቀን ዘግቶ ማሳካት ይቻላል! ቅሬታ በዛ ማለት ደግሞ ችግር በዛ ማለት ላይሆን ይችላል፣ ተማሪው እነዚህ ልጆች ያደርጉታል ብሎ ማመን ስለጀመረ ሊሆን ይችላል።

የምርጫ ተሳትፎም እንደዛው ነው። ጥቂት ሰው መረጠ ማለት ተማሪው ረክቷል ወይ ተስፋ ቆርጧል፣ ቁጥሩ ብቻውን አይነግርህም። እኔ የማየው ከሁሉም መቀመጫ ስንቱ ላይ አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ቀረበ የሚለውን ነው፣ ማንም የማይፎካከርበት ወንበር ማንም የማይፈልገው ወንበር ነው።

ናሙና፦

ሰርቬይ ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳ፣ መነሳቱ አይቀርምና። እባካችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "በካውንስሉ ረክታችኋል ወይ" የሚል ፖል ለጥፋችሁ ውጤቱን ሪፖርት እንዳታደርጉ። ግሩፑ ውስጥ ያለው ወይ የካውንስሉ ጓደኛ ነው ወይ የተናደደ፣ መሀሉ ላይ ያለው ብዙሃን ኖቲፊኬሽን አጥፍቶ ነው የተቀመጠው። ሺ ሰው ቢመልስ ራሱ አይጠቅምም።

ከሬጅስትራር ዝርዝር በእጣ የተመረጠ ናሙና ይሻላል፣ ብዙም አይደለም እኮ። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲደመር ሲቀነስ 5 ፐርሰንት ስህተት ለማግኘት ተማሪው 5,000 ከሆነ 357 ያህል ነው የሚያስፈልገው፣ 10,000 ቢሆን 370፣ ከዛ በላይ የፈለገ ቢበዛ 385 አካባቢ ነው የሚቆመው። ከባዱ የተመረጡትን ማስመለስ ነው፣ ግማሹ ካልመለሰ እጣው ዋጋ ያጣል፣ ስለዚህ ጥያቄው አጭር ይሁንና የቀሩትን ደግማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄውም ስሜት አይሁን። ረክተሃል ወይ ስትለው የዶርም ውሃ የጠፋ ቀን ከሆነ አልረካሁም ይልሃል። ያደረገውን ጠይቀው፣ በዚህ ሴሚስተር ካውንስሉን ለአንድ ጉዳይ አነጋግረሃል? መልስ አገኘህ? ካላነጋገርክ ለምን? የክፍልህ ተጠሪ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? እንግሊዝ ሀገር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጨረሻ አመት ተማሪዎች የሚሰጥ ሀገር አቀፍ ሰርቬይ አለ፣ ስለ ተማሪዎች ህብረት ያለው ጥያቄ ህብረቱ የተማሪውን የትምህርት ጥቅም ምን ያህል ወክሏል የሚል ነው፣ ዝግጅቱ ደስ ይል ነበር ወይ አይደለም። ውጤቱን በጥቅሉ ብቻ አትዩት፣ የአንደኛ አመት፣ የሴቶች፣ የአካል ጉዳተኞች፣ የማታ ተማሪዎች ለየብቻ ይውጡ። ጥቅሉ ጥሩ ሆኖ የማታ ተማሪው አንድም ሰው አናግሮት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። አነስ ያለው ክፍል ውስጥ እጣው የሚያወጣው ሰው ጥቂት ስለሚሆን ግን ከነሱ ለብቻ ጨምራችሁ ምረጡ፣ ጥቅሉን ስታሰሉ ደግሞ እንደ ድርሻቸው ሚዛኑን አስተካክሉት።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

በጀትስ? "በጀታችንን 100 በመቶ ተጠቅመናል" የሚለውን እንደ ስኬት የሚያቀርብ ሪፖርት አይቼ ነው። ገንዘብ ጨረስን ማለት እኮ ነው። ስንቱ ለቲሸርትና ለካውንስሉ አባላት ሪትሪት (ከግቢ ውጪ ለሚደረግ የእረፍትና የውይይት ጉዞ) ወጣ፣ ስንቱ ክለቦችና ተማሪው ጋ ደረሰ ተብሎ ይከፈል።

መዝገብ ያዥ፦

ሁላችሁም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ነው ያገኘሁት። ሁለት ችግር ግን አለብኝ። አንደኛ የቅሬታ መዝገብ ብሎ ነገር የለንም፣ ቅሬታው የመጣው በቴሌግራም፣ በስልክ፣ ኮሪደር ላይ በመጎተት ነው፣ ሪፖርቱ ደግሞ ቀኑ ደርሷል። ሁለተኛ ሰብሳቢው ጉባኤው አንድ ቁጥር ነው የሚፈልገው፣ ሰንጠረዥ ማንም አያነብም እያለ ነው።

ቁጥር አይዋሽም ያለው ማነው፦

ለአንደኛው፣ ያለፈውን አመት ቁጥር ከአየር ላይ አትፍጠሩ። ከቃለጉባኤና ከወጪ ደብዳቤዎች የሚገኘውን ብቻ አውጡ፣ ሌላው "መረጃ አልተያዘም" ተብሎ ይፃፍ፣ እሱም ግኝት ነው። መዝገቡን ለአዲሱ ካውንስል ከርክክቡ ቀን ጀምሮ አስገዳጅ አድርጉትና የመጀመሪያው አመት መነሻ ይሆናል፣ ነጥብ አይሰጥበትም።

ለሁለተኛው፣ አንድ ቁጥር አትስጡ። በምትኩ አንድ ገፅ፣ ምርጫ ሲወዳደሩ ቃል የገቡትን ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ አጠገብ ተሳካ፣ በሂደት ላይ፣ ተጠይቆ ተከልክሏል፣ አልተጀመረም ብላችሁ ፃፉ። ቃሉን ራሳቸው ስለገቡት በዛ ላይ ማንም አይከራከርም፣ ጉባኤውም ያነበዋል፣ እመነኝ።

የድሮ ተጠሪ፦

"ተጠይቆ ተከልክሏል" የሚለውን በፍፁም እንዳታስወጡት፣ ሰብሳቢው ማስወጣት ይፈልጋል ምክንያቱም ሽንፈት ይመስለዋል። የከለከለው ቢሮና የሰጠው ምክንያት አብሮ ይፃፍ፣ የሚቀጥሉት ልጆች ከዛ ነው የሚጀምሩት።

ናሙና፦

ወደፊት መዝገቡ ሲኖራችሁ ደግሞ "ተዘግቷል" ከተባሉት ውስጥ በእጣ 30 ያህል አውጡና ለባለጉዳዮቹ ደውሉ፣ የእውነት አልቆላችኋል ወይ በሉ። የሚደውለው የናንተ ኮሚቴ ይሁን እንጂ ጉዳዩን የያዘው የካውንስል አባል አይሁን፣ ፊት ለፊት ለሚያውቀው ልጅ አልሰራህልኝም የሚል ተማሪ ብዙ የለም። ስልክ ቁጥሩን ለዚህ እንደምትጠቀሙበት ቅሬታውን ሲያስገባ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ካልፈለገም መተው እንደሚችል ጨምሩበት።