የሰፈራችን ነዋሪዎች ስለ መዋጮ ገንዘብ ቀበሌን ለመጠየቅ እንዴት እንደራጅ?

ጥያቄ (የጎንደር ነዋሪ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖርበት ሰፈር ሰማንያ ያህል ቤተሰብ ያለበት ቁልቁለት ላይ የተሠራ መንደር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለውስጥ መንገድ የኮብልስቶን ንጣፍና ለጎርፍ መውረጃ ቦይ ተብሎ ከየቤቱ መዋጮ ተሰብስቧል። ደረሰኝ የያዝን አለን፤ ያልተሰጣቸውም አሉ። ሥራው እስከ ዛሬ ስላልተጀመረ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከላይኛው መንገድ እየወረደ ግቢያችን ይገባል። አንድ ሰው ብቻውን ቀበሌ ሄዶ ሲጠይቅ «እናየዋለን» ተብሎ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላው ሄዶ ያንኑ ሰምቶ ይመጣል። ስለዚህ ተሰባስበን በአንድ ድምፅ ልንጠይቅ አስበናል። ከፊሎቻችን እድሩ ጉዳዩን ይያዘው ስንል ሌሎች አዲስ ኮሚቴ ይቋቋም ይላሉ። ሕጉ ምን ይፈቅዳል? የፓርቲ ሥራ እንዳይመስልብንስ ምን እናድርግ?

መልስ (የእድር ጸሐፊ የነበሩ አባል)

ወንድሜ፣ እድሩ ይርዳችሁ እንጂ ጉዳዩን አይያዘው። ይህን የምለው ከደረሰብን ተነሥቼ ነው። በእኛ ሰፈር የውሃ ፈረቃ ጉዳይ በእድሩ ማኅተም ደብዳቤ ተጽፎበት፣ ለመመላለሻም ከእድሩ ሣጥን ገንዘብ ወጥቶ ነበር። በዚህ ምክንያት ለቀብራቸው ብለው ሃያ ዓመት የከፈሉ እናቶች ተቆጡ፤ ስብሰባው ስለ ውሃው መነጋገሩን ትቶ ስለ እድሩ ገንዘብ መጨቃጨቂያ ሆነ፤ ውሃው ተረሳ። ከእድሩ የምትፈልጉት ለፋፊውን፣ ወንበሩንና ድንኳኑን ነው። ሕዝቡን በእነዚህ ከጠራችሁ በኋላ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግሉ አምስት ወይም ሰባት ሰዎች ምረጡ፤ የሥራ ዘመናቸውን፣ ለምሳሌ ስድስት ወር ብላችሁ፣ በቃለ ጉባዔው ላይ አስፍሩ።

ሌላው፣ ብዙ ጥያቄ አትደርድሩ። መብራቱን፣ ውሃውን፣ ቆሻሻውን አንድ ላይ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ኃላፊው የሚቀለውን መርጦ ይመልስና ጉዳዩ ተፈታ ይላል። ምን ያህል ተሰበሰበ? ምን ያህል ወጣ? ቀሪው የት ነው? ከዚህ ሌላ አትጨምሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደረሰኝ ያላቸውን ሁሉ ፎቶ ኮፒ አስነሥታችሁ ድምሩን ራሳችሁ ሥሩ፤ ደረሰኝ የሌላቸውን በሌላ ወረቀት ለይታችሁ መዝግቡ።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብን፣ በአንቀጽ 31 የመደራጀትን መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ጎረቤቶች ተሰብስበው አቤቱታ ለማቅረብ እንደ ድርጅት መመዝገብ አይጠበቅባቸውም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም።

ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ይህ አዋጅ ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ፣ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ፣ ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ ያስገድዳል። ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ በመዝገብ ቤት አስገቡ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ሳይደረግበት አትውጡ። ያለዚህ ሠላሳው ቀን ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ማሳየት አትችሉም። መልስ ካላገኛችሁ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላለው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። ከከተማችን የጸጥታ ሁኔታ አንጻር የስብሰባውን ቀን፣ ቦታና አጀንዳ አስቀድማችሁ በደብዳቤ ብታሳውቁ መልካም ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለምና።

መልስ (ጡረታ የወጡ መምህር)

አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ሲቋቋም የነዋሪዎች ማኅበር ሆኖ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን በቀይ ሽብር ዘመን ስም በመዝገብ መስፈሩ ራሱ የሚያስፈራ ሆነ። ጎንደር ያን ዘመን በብዙ ሐዘን አሳልፋዋለች። ስለዚህ የእኔ ዕድሜ ሰው ፊርማ ሲጠየቅ «ይለፈኝ» ቢል ፈሪ አትበሉት፤ አታስገድዱት። ያልፈረመም ይሰብሰብ፣ ይናገር፣ እጁን አውጥቶ ይምረጥ። በአቤቱታው ላይ የሚፈርሙት የተመረጡት ሰዎች ይሁኑ፤ ቃለ ጉባዔውም የተሰብሳቢውን ቁጥር ብቻ ይያዝ።

ድካማችሁ ለምን ተገቢ እንደሆነም ልናገር። የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ በሁለት ዓመት ዕድሜው የነበረ ሕፃን ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ለሰፈሩ ቅርብ የሆነውን ምክር ቤት ሰው ሲመርጥ ግን አላየም። ወጣቶቹን ከኮሚቴው አታርቋቸው። ጥምቀት ሲደርስ መንገዱን የሚያጸዱትና ምንጣፉን የሚያነጥፉት እነሱ ናቸው፤ ሥራ መከፋፈልን ከእኛ ይልቅ ያውቁበታል።

መልስ (የአዲስ ዓለም ነዋሪ የሆነች አባል)

ወንድሜ፣ ስብሰባችሁን የትና መቼ ልታደርጉ ነው? እሑድ ከቅዳሴ መልስ በደጀ ሰላም ከሆነ ሙስሊሙ ጎረቤታችሁ አይገኝም፤ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ቢሆንም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ወደ ማታ በአንድ ሰፊ ግቢ ወይም በድንኳን ይሁን። እድሩ የሚመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ አባወራውን ስለሆነ በእድሩ መዝገብ ብቻ ከጠራችሁ ሴቶቹ ይቀራሉ። ተከራዮችም እድር ውስጥ የሉም። ጎርፉ መጀመሪያ የሚገባው ግን ከግቢው በታች ባለችው የኪራይ ክፍል ነው፤ የሕፃን ፍራሽ ተሸክማ ሌሊት የምትወጣው እናት ድምፅ ሳይኖራት ስለዚያ ቦይ ልትወስኑ አይገባም። ቤት ለቤት ዞራችሁ ጥሩ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ተከራዮቹን ፈጽሞ አላሰብናቸውም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ። ቀበሌው «በልማት ቡድናችሁ በኩል ኑ» ቢለንስ?

መልስ (የእድር ጸሐፊ የነበሩት)

ሂዱ፤ እንቢ አትበሉ። የልማት ቡድኑ መሪም ጎረቤታችሁ ነውና አብሯችሁ ይግባ። ነገር ግን የራሳችሁን ቃለ ጉባዔና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ግቡ። የፓርቲ ኃላፊነት ያለው ሰው፣ የየትኛውም ይሁን፣ አባል ይሁን እንጂ ሰብሳቢ አይሁን። ተወካዮቹም ከቢሮ በወጡ በሳምንቱ በዚያው ግቢ ተገኝተው የተባሉትን ቃል በቃል ይናገሩ። የእኛ የውሃ ኮሚቴ የሞተው ይህን ባለማድረጉ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቢሮ ገብተው አንድ ጊዜም ስላልነገሩን «ተደልለው ነው» ተባለ፤ ሰዎቹ ንጹሐን ነበሩ። ምንም መልስ ባይኖር እንኳ መልስ አልተሰጠንም ብለው ይንገሩ።

ጠያቂው

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ከመንገዱ ዳር ባለው ሰፊ ግቢ ልንሰበሰብ ተስማምተናል፤ ከነገ ጀምሮ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወጣቶች የኪራይ ቤቶቹን ጨምረው ቤት ለቤት ይጠራሉ። የደረሰኙን ድምር ዛሬ ማታ ጀምረናል።