ከተተወው የከሰል ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ጅረታችንን ምን አደረገው?

የበልግ አገር ልጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አካባቢ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ከመንደራችን በላይ ከዓመታት በፊት የድንጋይ ከሰል ተቆፍሮበት የተተወ ጉድጓድ አለ፤ ከሥሩ የሚመነጨውም ውኃ ወደ ጅረታችን ይገባል። በቅርቡ አገር ቤት ሄጄ ሳየው ውኃው ኩልል ያለ ነው፤ የሚፈስባቸው ድንጋዮች ግን እርድ የተቀቡ ይመስላሉ። በልጅነታችን ድንጋይ እየገለበጥን የምንይዛቸው ትንንሽ ነፍሳትም ሆኑ የእንቁራሪት ግልገሎች አሁን የሉም። አያቴ ውኃው ስለሚጎመዝዝ ጠበል ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሽንኩርት ያጠጡበታል። ይህን ያህል የጠራ ውኃ ሊጎዳ ይችላል? አፍልቶ መጠጣትስ ይበቃል?

ድንጋይ አንባቢ፦

ወንድሜ፣ የውኃው መጥራት አያጽናናዎት። የሟሟ ብረትና አሲድ ለዓይን አይታዩምና በጣም የተበከለ የማዕድን ውኃ የምንጭ ውኃ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የነገሩ ሥር ፓይራይት የሚባለው፣ ብረትና ድኝ የተጣመሩበት፣ ወርቅ መሳይ ማዕድን ነው፤ ከድንጋይ ከሰል ጋር አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። አየር በማይደርስበት የመሬት ሆድ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንንም አይነካም። ሰው ቆፍሮ ለአየርና ለውኃ ሲያጋልጠው ግን ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል፤ ብረቱም ይሟሟል። አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ የመሳሰሉ፣ ከብረት ኃይል የሚያገኙ ባክቴሪያዎች ይህን ሂደት እጅግ ያፋጥኑታል፤ በእነርሱ ሥራ የሚፈጠረው ሌላው የብረት ዓይነትም ራሱ ተመልሶ ፓይራይቱን ይበላዋል። ስለዚህ ሥራው ቆሞ ባለቤቱ ከሄደ በኋላም ጉድጓዱ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት አሲድ ማመንጨቱን ሊቀጥል ይችላል። ያዩት እርድ መሳይ ነገር አሲዱ ሲቀንስ ከውኃው የሚለይ ዝገት ነው።

ማፍላት አይረዳም፤ ጀርም ይገድላል እንጂ ብረቱንና ሌሎቹን ማዕድናት አያስወጣም፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ያከማቻቸዋል። ለአያትዎም በአክብሮት ይንገሯቸው፤ የሚጎመዝዘው አሲዱ ነው።

የመንዝ ታዛቢ፦

እዚህ ላይ ጥቂት ጥንቃቄ እጨምራለሁ። ቀይ ወይም ቢጫ ድንጋይ ያለበት ምንጭ ሁሉ የአሲድ ምንጭ አይደለም፤ ብረት ያዘለ ተራ የከርሰ ምድር ውኃም አየር ሲነካው እንዲሁ ይዝጋል። ቀለም ብቻውን የጉዳት መለኪያ እንደማይሆን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2015 በአሜሪካ ኮሎራዶ ታይቷል። ጎልድ ኪንግ ከተባለ የተተወ የወርቅ ማዕድን ወደ 11 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውኃ ድንገት ወጥቶ የአኒማስን ወንዝ ብርቱካንማ ሲያደርገው፣ ለሙከራ በወንዙ ውስጥ በፍርግርግ ተይዘው ከነበሩት ትንንሽ ዓሣዎች የሞተ የለም ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ከዚያው ወንዝ የላይኛው ክፍል ዓሣ የጠፋው ዓለም ሳያየው፣ በየቀኑ በሚንጠባጠብ ውኃ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። ስለዚህ የፒኤች ወረቀት (የውኃን አሲድነት በቁጥር የሚያሳይ ወረቀት) ገዝተው በሦስት ቦታ ይለኩ፦ ከምንጩ በላይ፣ ከምንጩ አፍ፣ ከታች ሌላ ጅረት ከገባበት በኋላ። ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ አሲዱ በ10 እጥፍ ይጨምራል ማለት ነው።

የውኃ ሕይወት ተማሪ፦

የነፍሳቱን ነገር በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ ከወረቀቱ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸውና። ጅራታቸው ሦስት ክር የሆነ፣ ከድንጋይ ጋር ተለጥፈው የሚኖሩ እጮች አሲድና የሟሟ መዳብ ወይም ዚንክ አይችሉም፤ ከማንም ቀድመው ይጠፋሉ። ዝገቱም በበኩሉ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ደፍኖ መኖሪያቸውን፣ አልጌውንም ሸፍኖ ምግባቸውን ያሳጣቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚተርፉት ቀያይ ትል የሚመስሉት የትንኝ ዘመዶች እጮች ናቸው። ድንጋይ ገልብጠው እነርሱን ብቻ ካገኙ ብዙ ነገር ተረድተዋል ማለት ነው። ሌላው፣ በበጋ በጉድጓዱ ግድግዳና በቁፋሮ አፈሩ ላይ የሚደርቀው ጨው በመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በአንድ ጊዜ ታጥቦ ይወርዳል፤ ስለዚህ ውኃው የሚከፋው በድርቁ ወቅት ብቻ ነው ብለው አያስቡ።

የበልግ አገር ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ለካሁ። ከምንጩ በላይ 7፣ ከምንጩ አፍ 3.5 ገደማ፣ ሌላው ጅረት ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ 5 ሆነ። በዚህ በሦስተኛው ቦታ እርድ መሳዩ ነገር ቀንሶ፣ በምትኩ የአጃ ጭማቂ የመሰለ ነጭ ነገር በድንጋዮቹ ላይ አየሁ። 5 መድረሱ መሻሻል አይደለም?

የውኃ ሕይወት ተማሪ፦

ለአሲዱ አዎን፣ ለዓሣ ግን ላይሆን ይችላል። ያ ነጭ ነገር አሉሚኒየም ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ፦ አሲዱ ከሸክላ አፈርና ከድንጋይ አሟሙቶ ያመጣዋል፤ ፒኤች 5 አካባቢ ሲደርስም ከውኃው ይለያል። ዓሣ ባለበት ይህ ከሆነ የሚለየው በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻው፣ ላይ ነው፤ ንፍጥ ያበዛበትና ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ለላብራቶሪ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ይውሰዱ፣ አንዱ የተጣራ አንዱ ያልተጣራ፤ ሰልፌት፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክና መዳብ እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። ውጤቱ እስኪመጣ ሽንኩርቱን ከምንጩ በላይ ካለው ውኃ ቢያጠጡ ይሻላል።

ድንጋይ አንባቢ፦

የኖራ ድንጋይ እንጣል የሚል ሰው በቀበሌው መነሳቱ አይቀርም፤ በጀማ ሸለቆ ሞልቷልና። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አየር በሚያገኘው ቦይ ላይ ዝም ብሎ ከተጣለ ዝገቱ ይለብሰውና ሥራውን ያቆማል። አየር እንዳያገኝ ተቀብሮ ውኃው በውስጡ እንዲያልፍ፣ ከዚያም ዝገቱ የሚዘቅጥበት ኩሬ ወይም ረግረግ እንዲከተለው መደረግ አለበት። ከዚያ በፊት ግን ርካሹ ሥራ የዝናቡ ጎርፍ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ ከላይ በኩል ቦይ መቅደድና የቁፋሮውን አፈር በሸክላ አፈር መሸፈን ነው። ይህን ከበልግ በፊት ጀምሩት።