የወጣት ማዕከሉ ሕንፃ አለ፤ ሥራ ማስኬጃው ግን ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ምሥራቅ በር

ጤና ይስጥልኝ። በአማራ ክልል በአንዲት የወረዳ ከተማ በሚገኝ የወጣት ማዕከል ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ማዕከላችን ከተመረቀ ዓመታት ቢቆጠሩም ሕንፃው ዛሬም ጠንካራ ነው፤ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የምክር አገልግሎት ክፍል፣ የገላ መታጠቢያና የመረብ ኳስ ሜዳ አለው። ይሁን እንጂ የምክር አገልግሎቱ ክፍል የሚከፈተው ስብሰባ ሲኖር ወንበር ለማውጣት ብቻ ነው፤ የአማካሪው መደብ ሰው ሳይቀጠርበት ክፍት ሆኖ ቀርቷል። በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት አጋዥ መጻሕፍት በአብዛኛው የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት ስለሆኑ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የራሳቸውን መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ። የሚመጡት ጸጥታውን ፈልገው ነው። እኛ ግን የማታ ጥበቃና የመብራት ወጪ የሚሸፍን በጀት ስለሌለን ልክ 12 ሰዓት ሲሆን እንዘጋባቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ክፍት የሚሆኑት ፑል ቤቶችና ጫት ቤቶች ናቸው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ ለትምህርታቸው፣ ለጤናቸውና ለመዝናኛቸው መንግሥት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ጥያቄዬ ይህ ኃላፊነት ወደ ገንዘብ የሚለወጠው በየትኛው በር በኩል ነው የሚል ነው። የሥራ ማስኬጃ በጀት ስንጠይቅ «ክፍሎቹን አከራዩና ራሳችሁን ቻሉ» የሚል ምላሽ ይሰጠናል። ለመሆኑ ያከራየንበትን ገንዘብ ለማዕከሉ ማዋል እንችላለን?

ምላሽ፦ ዕቅድና በጀት

እንደምን አሉ? በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በበጀት ዝግጅት ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ችግሩ የሚመነጨው ሕንፃውና አገልግሎቱ ከተለያየ ኪስ ስለሚከፈላቸው ነው። ግንባታው ካፒታል በጀት ነው፤ ክልሉ ወይም ዞኑ ይመድብለታል፤ አንዳንድ ጊዜም የለጋሽ ድርጅት ድጋፍና የኅብረተሰቡ መዋጮ ይታከልበታል፤ ሲጠናቀቅም ተመርቆ ለወረዳው ይተላለፋል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የጥበቃው ደመወዝ፣ የመብራትና የውኃ ሒሳቡ፣ የመጻሕፍት ግዥው ሁሉ በወረዳው መደበኛ በጀት ላይ ያርፋል። መደበኛ በጀቱ በዋናነት የሚመጣው ደግሞ በ1995 የበጀት ዓመት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ሥራ ላይ መዋል ከጀመረው የጥቅል ድጎማ ነው። ክልሉ ጠቅላላውን መጠን በቀመር አስልቶ ይልካል፤ ከዚያ ውስጥ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ስንት እንደሚደርስ የሚወስነው የወረዳው ካቢኔና ምክር ቤት ነው። ክፍፍሉ ሲሠራ አስቀድሞ የሚነሳው የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ነው፤ የቀረችው ጥቂት ገንዘብ ለሥራ ማስኬጃ ትከፋፈላለች። ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውኃና የገጠር መንገድ ድህነት ተኮር ዘርፎች ተብለው ቅድሚያ የሚያገኙ ሲሆኑ የወጣት አገልግሎት በራሱ ስም ከእነዚህ ውስጥ የለም። በብዙ ወረዳዎች ማዕከሉ የራሱ የበጀት መደብ፣ ማለትም በስሙ ለብቻው የሚያዝ የበጀት ርዕስ፣ እንኳ የለውም፤ በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሥር በአንድ መስመር ይታያል፤ እጥረት ሲመጣ በመጀመሪያ የምትቀነሰውም ያቺ መስመር ናት። በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛው አንድ ኃላፊ ነው ብዬ አላምንም፤ አሠራሩ ራሱ ወጣቱን ከሰልፉ መጨረሻ አቁሞታል።

የኪራዩን ጉዳይ በተመለከተ ይጠንቀቁ። የመንግሥት ተቋም የሰበሰበው ገቢ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት መግባት አለበት፤ ተመልሶ የሚወጣውም በበጀት ሲፈቀድ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ይዘው ለአገልግሎታቸው ማሻሻያ የሚያውሉት በሕግ ስለተፈቀደላቸው ነው። እናንተ እንዲህ ያለ ፈቃድ በእጃችሁ ከሌለ የሠርግ አዳራሽ ኪራይ ተቀብላችሁ በቀጥታ መብራት ብትከፍሉ ዓላማው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ኦዲተር ሲመጣ ትጠየቁበታላችሁ።

ምላሽ፦ የኮምቦልቻው

እኔ ነገሩን ከሌላ ወገን አየዋለሁ። መንግሥት ለወጣቱ ገንዘብ አልመደበም ማለት አይቻልም፤ የመደበው ለብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ (ብድሩ ሲመለስ ለሌሎች የሚበደር ገንዘብ) 10 ቢሊዮን ብር ተይዞለት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አስተዳዳሪነት፣ በየክልሉ ባሉ የብድርና ቁጠባ ተቋማት በኩል ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ወጣቶች እንዲደርስ ተደርጓል። ዶላር በ22 ብር ገደማ በሚመነዘርበት በዚያን ጊዜ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

እኛም አምስት ሆነን ተደራጅተን በቡድን ዋስትና ተበደርንና የእንቁላል ዶሮ እርባታ ጀመርን። የመኖ ዋጋ በየወሩ ሲጨምር ዋጋ እንዴት እንደምንተምን፣ ሒሳብ እንዴት እንደምንይዝ የሚያማክረን ሰው አልነበረም፤ ሥልጠናው ከብድሩ በፊት የተሰጠ የጥቂት ቀናት ገለጻ ብቻ ነበር። ሁለቱ አባላት ተስፋ ቆርጠው ከተማውን ለቀው ሲሄዱ የእነሱም ዕዳ በሦስታችን ላይ ወደቀ። የእርስዎ ማዕከል የተዘጋው የምክር ክፍል ያኔ በእኛ ከተማ ክፍት ሆኖ አንድ ባለሙያ ቢቀመጥበት ኖሮ ከብድሩ ያላነሰ ይጠቅመን እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ያም ሆኖ ምርጫ ካልቀረ ሥራ ይቀድማል እላለሁ፤ ቤተሰቡን መርዳት ያልቻለ የ25 ዓመት ወጣት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ልቡ አያርፍም።

ምላሽ፦ እናት ናት

የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ የደረሰባችሁ ያሳዝናል፤ በመጨረሻው ሐሳብዎ ግን አልስማማም። የፖሊሲው ወጣት ከ15 ዓመት ይጀምራል፤ የፈንዱ ወጣት ግን ከ18። በመካከሉ ያሉት ልጆች የሚበደሩት የለም፤ መበደርም የለባቸውም። ለእነሱ መንግሥት ሊሰጥ የሚችለው ብርሃን ያለው ክፍል፣ መጽሐፍ፣ ኳስና የሚያዳምጣቸው አዋቂ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ 16 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የት እንደሚውል ማወቅ የዘወትር ሐሳቤ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የወጣት ማዕከል ከእነዚህ «ሌሎች» ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የወጣቱን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት በ2003 ከሴቶችና ሕፃናት ጋር፣ በ2008 ከስፖርት ጋር፣ በ2011 እንደገና ከሴቶችና ሕፃናት ጋር ተደርጎ፣ በ2014 ደግሞ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲባል «ወጣት» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። ሥራው ቢቀጥልም፣ መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ፋይሉን የሚያውቀው ባለሙያ ወደ ሌላ ዘርፍ ይዛወራል፤ የተጀመረ ጥያቄም ከዜሮ ይጀምራል።

ጠያቂው፦ ምሥራቅ በር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕቅድና በጀት፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ማዕከሉ የራሱ የበጀት መደብ እንዲያገኝና ገቢውን እንዲጠቀም ብንጠይቅ ጥያቄው ለማን ነው የሚቀርበው?

ምላሽ፦ ዕቅድና በጀት

ሁለቱ የተለያዩ በሮች ናቸው። የበጀት መደቡን ጥያቄ የበላይ ጽሕፈት ቤታችሁ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያቀርባል፤ ይህም የበጀት ጥሪው፣ ማለትም መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄያቸውን እንዲያቀርቡ የሚጻፈው ደብዳቤ፣ ከመድረሱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ግንቦት ላይ የሚቀርብ ጥያቄ የበጀት ጣሪያው (ለየመሥሪያ ቤቱ የሚወሰነው ከፍተኛ መጠን) ከተከፋፈለ በኋላ ስለሚደርስ «ለከርሞ» ይባላል። በበጀት ስሚው (የበጀት ጥያቄዎች በሚደመጡበት ስብሰባ) ዕለት ኃላፊው ብቻውን እንዳይገባ አድርጉ፤ የማታ ንባብ የሚፈልጉ ተማሪዎችን ቁጥር ከመዝገባችሁ አውጥታችሁ፣ የአንድ ጥበቃ ደመወዝና የዓመት የመብራት ወጪ በብር አስልታችሁ በአንድ ገጽ አቅርቡ። የምክር ቤት አባላት «በጀት አነሰን» ከሚል ጥቅል አቤቱታ ይልቅ እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዘው ሲከራከሩ አይቻለሁ። ገቢን ይዞ መጠቀም ግን በወረዳ ደረጃ የሚያልቅ አይደለም፤ የክልሉን ሕግ ስለሚነካ በክልሉ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ በኩል ለክልሉ ገንዘብ ቢሮ መቅረብ አለበት። በዞናችሁ ያሉ ሌሎች ማዕከላት ተመሳሳይ ጥያቄ ካላቸው በአንድ ደብዳቤ አብራችሁ ጻፉ። እስከዚያው የአዳራሹን ኪራይ በሕጋዊ ደረሰኝ ሰብስባችሁ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ገቢ አድርጉና የደረሰኙን ቅጂ በማዕከሉ አስቀምጡ፤ በዓመቱ ምን ያህል እንዳስገባችሁ የሚያሳይላችሁ እሱ ነው።