ባለ 40 ሊትር አኳሪየሜን ወደ 110 ላሳድግ ነው፤ ከዕቃው የቱ ይቅደም?

ጠያቂ (ማራኪ፣ ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጋፒ ዓሣዎቼ ተራብተው ከ20 አልፈዋል፤ ባለ 40 ሊትሯ ገንዳ ጠባቸዋለች። መስታወት ቤት ሄጄ 80 በ35 በ40 ሳንቲም የሆነ ገንዳ አሠርቻለሁ። እስካሁን የምጠቀመው በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር (ውኃ ማጣሪያ) ነው። አሁን ከአዲስ አበባ ያገለገለ ካኒስተር ፊልተር ላስመጣ አስቤያለሁ፤ ገንዳው ሥር የሚቀመጠውን ማለቴ ነው። አሮጌውን ስፖንጅ ልጣለው? ሂተርስ (የውኃ ማሞቂያ) ያስፈልገኛል? ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን መብራት ነው። ባለፈው ወር ሌሊት መብራት ሄዶ፣ ጠዋት ስነሳ ወለሉ በውኃ ርሷል፣ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ሁለት ዓሣ ሞቷል። ልጄ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

መልስ፣ ከአዘዞ

ወንድሜ፣ አደራህን ስፖንጁን እንዳትጥለው! ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እዚያ ላይ ነው የሚኖሩት። ከባዶ ልጀምር ብትል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅብሃል። እሱ እስኪደርስ ዓሣው ይመረዛል። ስፖንጁን እንዳለ ወደ አዲሱ ገንዳ አስገባውና ከካኒስተሩ ጋር ቢያንስ አንድ ወር ተኩል አብረው ይሥሩ። ስታጥበው ደግሞ በቧንቧ ውኃ ሳይሆን ከገንዳው በቀዳኸው ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው። ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

መልስ፣ ከፒያሳ

የረሰረሰውን ወለል ሳነብ ገባኝ። ፓምፑን ከውኃው ልክ በታች ነው ያስቀመጥከው አይደል? መብራት ሲሄድ አየር መግፋቱ ይቆማል፤ ውኃው በቀጭኑ ቱቦ ተስቦ ወደ ፓምፑ ይወርዳል። ፓምፑን ከገንዳው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ስቀለው። ወይም ቱቦው መሐል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አስገባ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ካኒስተሩን አልቃወምም፤ ግን እኔ ብሆን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀድማለሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን በቆላ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ብዙ ዓሣ ላለበት ገንዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካኒስተር ደግሞ ዝግ ዕቃ ነው። መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ታፍነው ይሞታሉ። መብራት ሲመጣ ያንን የተበላሸ ውኃ ዓሣው ላይ ነው የሚደፋው። ስለዚህ ነቅለህ፣ ከፍተህ፣ አለቅልቀህ ነው መልሰህ የምታስነሳው።

መልስ፣ ከአራዳ

ስለ ሂተሩ እኔ ልበል። ጋፒ የሚስማማው ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ደግሞ ታውቀዋለህ። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ብለህ አስብ፤ ባለ 100 ዋት ይበቃሃል። ውኃ ልትቀንስ ስትል አስቀድመህ ከሶኬት ንቀለውና ሩብ ሰዓት ይቀዝቅዝ። እንደጋለ ከውኃ ከወጣ የሂተሩ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ ፓምፑ መሬት ላይ ነበር! ነገውኑ ከፍ አደርገዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የድሮው የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ገንዳውን ይችለዋል?

መልስ፣ ከአዘዞ

አይችልም። ውኃው ብቻ 110 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲታከል ከ130 ያልፋል። በያጅ ጋ ሂድና የብረት መቆሚያ አሠራ። መስታወቱ ሥር ስስ ፎም አንጥፍ፤ የመቆሚያው ገጽ ትንሽ ጎርበጥ ቢል እንኳ ጫናው አንድ ቦታ አያርፍም። የቧንቧ ውኃ በመጣ ቀን በባልዲና በበርሜል ቀድተህ ክዳኑን ከፍተህ አሳድረው፤ ክሎሪኑ ይወጣል። ዓሣዎቹን ከማዛወርህ በፊት ባዶ ገንዳውን ሞልተህ ሁለት ቀን ተመልከተው፤ መስታወቶቹን ያጣበቀው ሲሊኮን የሚያፈስ ከሆነ ያኔ ይታይሃል።